የግል ቦይ ከጋራ ቦይ ሲገናኝ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን የሚወርደው ውኃ የሰው ድንበር ባቋረጠ ጊዜ፣ ነገሩ የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሕግ ጉዳይ ይሆናል። ከላይ ያለው ሰው ግቢውን ወይም እርሻውን ለማድረቅ ቦይ ይቈፍራል፤ ከታች ያለው ሰው ደግሞ ሳይጠራው የመጣውን ውኃ ይቀበላል። የላይኛው ሰው በአንድ ቀን ሥራ የተገላገለውን ችግር፣ የታችኛው ሰው ዕድሜ ልኩን ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ «ውኃዬን ወዴት ልልቀቀው?» የሚለው ጥያቄ፣ «በማን ላይ ልልቀቀው?» ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም።

በዛሬው ንግግሬ ለማስረዳት የፈለግሁት የዚህን ጥያቄ አንዱን ክፍል ነው። ይኸውም ብዙ ሰዎች በጋራ ገንዘብ ባሠሩት የውኃ መውረጃ ላይ፣ አንድ ግለሰብ የራሱን ቦይ ወይም ቱቦ ለመጨመር ሲፈልግ ሕግ ምን ይለዋል የሚለው ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው በዚህ ነገር ረጅም ልምድ ካላቸው ከሁለት አገሮች፣ ከአሜሪካና ከብሪታንያ ነው። ሁለቱ አገሮች ለአንድ ዐይነት ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። መልሳቸውን ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከተው፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል ሰው ሁሉ የሚማርበት ነገር አይጠፋም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ፣ የጋራ ቦይ ከመኖሩ በፊት በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ምን ዐይነት ሕግ እንደ ነበረ እንመልከት። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ሁለት ጥንታውያን አስተሳሰቦች ነበሩ። አንደኛው፣ በመሬት ላይ የሚንሸራሸር የዝናብ ውኃ የሁሉም የጋራ ጠላት ነውና እያንዳንዱ ሰው እንደ ተቻለው ከግቢው ያባርረው የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጉልበትና ገንዘብ ያለው ሰው ይደርቃል፤ የሌለው ሰው ይሰምጣል። ሁለተኛው ከሮማውያን ሕግ የመጣ ሲሆን፣ የታችኛው መሬት ከላይኛው በተፈጥሮ የሚወርደውን ውኃ ሊቀበል ይገባዋል፤ የላይኛው ባለመሬት ግን በተፈጥሮ ወደዚያ የማይሄደውን ውኃ ከሌላ ተፋሰስ ጠልፎ በታችኛው ላይ ሊያወርድበት አይችልም የሚል ነው። የኢሊኖይ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1869 የተቀበለው ይህን ሁለተኛውን አስተሳሰብ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ለተዳፋት መሬት እንጂ ለሜዳ መሬት በቂ ሆኖ አልተገኘም። የኢሊኖይ፣ የአዮዋና የሚኒሶታ ሜዳዎች አብዛኛዎቹ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር የደለደላቸው ናቸው። አፈሩ ጥቁርና ለም ነው፤ ነገር ግን ተዳፋት ስለ ሌለው ውኃው መሄጃ አጥቶ ይተኛበታል። የአሜሪካ መንግሥት በ1850 ባወጣው ሕግ ረግረግ መሬቶችን ለየግዛቶቹ ሲሰጥ፣ የሚሸጡበት ገንዘብ መሬቱን ለማድረቅ እንዲውል አስቦ ነበር። ገበሬዎቹም ከመሬት በታች የሸክላ ቱቦ እየቀበሩ እርሻቸውን ማንጣፈፍ ጀመሩ። የሸክላ ቱቦ ጥበቡ ቀላል ነው፤ አጫጭር ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው ይቀበራሉ፤ ውኃው በመጋጠሚያቸው ስንጥቅ ይገባና ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይወርዳል።

ችግሩ የነበረው በዚያ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ነው። ቱቦው የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ወንዙ ሩቅ ከሆነ በመካከል ያሉት አሥርና ሃያ ባለመሬቶች ካልተስማሙ በቀር የአንዱ ሰው ቱቦ ዋጋ የለውም። ከእነርሱም መካከል አንዱ እምቢ ቢል የሁሉም ሥራ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዋና ቦይ በጋራ ይቈፈር፤ ወጪውም ጥቅም ባገኘው መሬት ላይ ይደልደል የሚል ሐሳብ መጣ። ይህ ሐሳብ በቀላሉ አልጸናም። የግዛቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለውን መዋጮ በግዴታ ለማስከፈል የሚያስችል ሥልጣን በበቂ ሁኔታ አልሰጠም ስለ ተባለ፣ ኢሊኖይ በ1878 ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበረበት። አዮዋም በ1908 እንደዚሁ አደረገ። በኢሊኖይ በ1879 እና በ1885 የወጡት ሕጎች ቈይተው በ1955 በአንድ ሕግ ተጠቃለሉ።

በእነዚህ ሕጎች የተቋቋመው አካል በአማርኛ «የማንጣፈፊያ ወረዳ» ሊባል ይችላል። ወረዳው ለአንድ ሥራ ብቻ የቆመ ትንሽ መንግሥት ነው። ኀላፊዎች አሉት፤ ካርታ አለው፤ መዋጮ የማስከፈል ሥልጣን አለው፤ ቦዩን የመጥረግና የመጠገን ግዴታ አለበት። መዋጮው የሚተመነው በመሬቱ ዋጋ ወይም በባለቤቱ ሀብት መጠን አይደለም፤ መሬቱ ከቦዩ ባገኘው ጥቅም ልክ ነው። ለምሳሌ በአዮዋ አንድ መሐንዲስና ሁለት ባለመሬቶች ተሰይመው ቦታውን እየዞሩ ይመለከታሉ፤ ከሁሉ የበለጠ ለተጠቀመው መሬት 100 ቁጥር ይሰጡታል፤ ሌላውን መሬት ሁሉ ከእርሱ ጋር እያነጻጸሩ ይመድቡታል። ረግረግ የነበረው መሬት ብዙ ይከፍላል፤ ቀድሞም ደረቅ የነበረው ጥቂት ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንገባለን። ይህ ቦይ ከተሠራ በኋላ የግል ቦይን ከእርሱ ጋር የማገናኘት መብት የማን ነው?

የመጀመሪያው ደንብ ግልጽ ነው። መዋጮ የተመደበበት መሬት ባለቤት፣ ዋናውን ቦይ ለግል ቦዩ መውጫ አድርጎ ሊጠቀምበት መብት አለው። ይህ መብት የኀላፊዎቹ ችሮታ አይደለም፤ በገንዘቡ የገዛው ነው። መሬቱ ከዋናው ቦይ ጋር በቀጥታ ባይዋሰንና በመካከል የሌላ ሰው መሬት ቢኖር እንኳ፣ ሕጉ መሻገሪያ የሚያገኝበትን ሥርዐት አዘጋጅቶለታል። ገንዘብ ተቀብሎ አገልግሎት መከልከል አይገባምና።

ሁለተኛው ደንብ ከወረዳው ውጭ ያለውን ሰው ይመለከታል። ወረዳው ሲቋቋም ይህ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም መሬቱ ከካርታው ውጭ ተትቶ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ቦዩ ተሠርቶ ሲያይ ቱቦውን አምጥቶ ሊያገናኝ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የኢሊኖይ ሕግ የሰጠው መልስ በጣም የሚደነቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞ በወረዳው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይመደብበት የነበረውን ያህል ከፍሎ ሊያገናኝ ይችላል። ሳይጠይቅ ቢያገናኝስ? ያን ጊዜ ሕጉ፣ ይህ ሰው መሬቱ በወረዳው ውስጥ እንዲገባለት በፈቃዱ ማመልከቻ እንዳቀረበ ይቈጥረዋል። ማመልከቻ አልጻፈም፤ አልፈረመም፤ ማኅተምም አላኖረም። ነገር ግን ውኃውን በለቀቀበት ሰዓት ፈርሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሌሎቹ መዋጮ ይጣልበታል።

ክቡራን አድማጮች፤ የዚህን ደንብ ጥበብ አስተውሉ። ሕጉ ቱቦውን ለመንቀል ሠራተኛ አላከም፤ ሰውየውንም ወንጀለኛ ነህ ብሎ አላሰረም። «ጥቅሙን ከወሰድህ ሸክሙንም ወስደሃል» ብሎ በመዝገብ አስገባው እንጂ። በማኅበር ገንዘብ የተሠራውን ነገር በስውር የሚጠቀም ሰው የሚመካበት አንድ ነገር ቢኖር፣ «እኔ አባል አይደለሁም» የሚለው ቃል ነው። ኢሊኖይ ይህን ምክንያት ከእጁ ወሰደበት።

የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ ከዚህ ጠንከር ያለ መንገድ መረጠ። በዚያ ግዛት ሕግ መዋጮ ያልተመደበበት መሬት፣ ከወረዳው ባለሥልጣን ግልጽ ፈቃድ ሳያገኝ ቦዩን መውጫ ሊያደርግ አይችልም። ባለመሬቱ አቤቱታ ያቀርባል፤ ጉዳዩ ይሰማል፤ ባለሥልጣኑም ዋናው ቦይ ተጨማሪውን ውኃ ለመሸከም ይችል እንደ ሆነ ይመረምራል። ከተፈቀደለት የመውጫ ክፍያ ይተመንበታል። እንግዲህ ኢሊኖይ ከድርጊቱ በኋላ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ ሚኒሶታ ከድርጊቱ በፊት ጥያቄ ያቀርባል ማለት ነው።

ስለ መሸከም ችሎታ የተናገርሁት ቃል ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ የነገሩ ሁሉ ጕልላት እርሱ ነውና። የቦይ መሐንዲስ ሥራውን ሲነድፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከመሬቱ ላይ ምን ያህል ውፍረት ያለው ውኃ ማንሳት እንደሚፈልግ በሚሊሜትር ይወስናል። አንድ ሚሊሜትር ውኃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ቦይ ለ100 ሄክታር መሬት፣ በቀን 6 ሚሊሜትር እንዲያነሣ ተነድፎ ቢሆን፣ የሚሸከመው በቀን 6,000 ሜትር ኩብ ነው። ከውጭ 50 ሄክታር ብቻ ቢጨመር፣ ነገር ግን የዚህ ሰው ቱቦዎች አዲስና የተቀራረቡ ሆነው በቀን 12 ሚሊሜትር ቢያወርዱ፣ የሚመጣው ተጨማሪ ውኃ ሌላ 6,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። መሬቱ በግማሽ ጨመረ፤ ውኃው ግን በእጥፍ ጨመረ። ይህን የማያሰላ ኀላፊ «ጥቂት መሬት ናት፤ ትግባ» ብሎ ይፈቅድና፣ ክረምት ሲመጣ ከታች ያሉት ከፋዮች እርሻ ሐይቅ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም ከሁሉ በታች ያለው ነው። ከላይ ያለው ውኃው ስለ ሄደለት ምንም አያውቅም።

ሦስተኛው ደንብ የማገናኘቱን ሥራ አሠራር ይመለከታል። ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። የግል ቱቦ ወደ ክፍት ቦይ በሚፈስበት ቦታ፣ ጫፉ በቦዩ ውስጥ ዘወትር ከሚፈሰው ውኃ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የመጨረሻው ክፍል ጠንካራ ቱቦ ሊሆን፣ የሚወርደውም ውኃ የቦዩን ግድግዳ እንዳይንደው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ሊደገፍ ያስፈልጋል። አይጥና ሌላ አውሬ እንዳይገባበትም በሽቦ ወንፊት ይዘጋል። ከተቀበረ ዋና ቱቦ ጋር የሚገናኝ ሲሆን ደግሞ፣ ዋናውን ቱቦ በመዶሻ በስቶ የራስን ቱቦ ጫፍ ወደ ውስጥ መወተፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ ደለልና ሥር እየያዘ፣ ከላይ ያለውን ሰው ሁሉ ውኃ ይዘጋዋል። ስለዚህ በተገቢው መጋጠሚያ፣ በኀላፊው ፊትና በባለቤቱ ወጪ መሠራት አለበት። በካርታም ላይ መመዝገብ ያስፈልገዋል፤ ከመሬት በታች ያለና ያልተመዘገበ ቱቦ፣ ባለቤቱ ከሞተ ወይም መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ያለበትን የሚያውቅ አይገኝምና።

በእነዚህ ደንቦች ውስጥ ግን አንድ ጉድለት አለ። ሕጎቹ በዋናነት የሚመዝኑት የውኃውን ብዛት ነው፤ በውኃው ውስጥ ለሟሟው ነገር የሚሰጡት ትኩረት ግን አነስተኛ ነው። በአዮዋ ግዛት ዋና ከተማ በዴ ሞይን የመጠጥ ውኃ የሚያድለው ድርጅት፣ ከራኩን ወንዝ የሚቀዳው ውኃ ከእርሻ በሚመጣ ናይትሬት ስለ በዛበት፣ በ1915 ሳይሆን በእኛው ዘመን በ2015፣ የማንጣፈፊያ ወረዳዎችን የሚያስተዳድሩ የሦስት አውራጃዎች ሹማምንትን ከሰሰ። ናይትሬት ከመጠን ሲያልፍ ለሕፃናት ደም አደገኛ ስለ ሆነ፣ የአሜሪካ ሕግ በመጠጥ ውኃ ውስጥ በናይትሮጅን ሲለካ በአንድ ሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። የአዮዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2017 በሰጠው መልስ፣ ወረዳዎቹ ውኃ ለማውረድ ብቻ የተቋቋሙ ስለ ሆኑ ለካሣ አይጠየቁም የሚለውን የቈየ አቋም አጸና፤ የፌዴራሉም ፍርድ ቤት በመጋቢት ወር ክሱን ዘጋው። ወረዳው ገበሬው በእርሻው ላይ ምን እንደሚበትን የመቈጣጠር ሥልጣን አልተሰጠውም ተባለ። በሕግ ቋንቋ ነገሩ አለቀ፤ የከተማው ሕዝብ ግን ውኃውን አጣርቶ መጠጣት አልቀረለትም።

አሁን ደግሞ ከእርሻ ወደ ከተማ፣ ከአሜሪካም ወደ ብሪታንያ እንሻገር። በእንግሊዝ ከተሞች ጥያቄው የተነሣው በረግረግ መሬት ሳይሆን በኮሌራ ምክንያት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በየቤቱ ሥር ይጠራቀም የነበረው ቈሻሻ የመጠጥ ውኃን እየበከለ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ስለዚህ በ1848 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ፣ የሕዝብ ፍሳሽ መስመር በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ ካለ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ፍሳሹን ከዚያ ጋር እንዲያገናኝ አስገደደ። ከዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። በአሜሪካ ሜዳ ማገናኘት የተጠቃሚው ጥቅም ነበር፤ በእንግሊዝ ከተማ ግን የሕዝብ ሁሉ ደኅንነት ሆነ። አንድ ቤት ሳይገናኝ ቢቀር መንደሩ በሙሉ ይታመማልና።

ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝ ሕግ ለማገናኘት የሚፈልገውን ሰው እጅግ አበረታታ። በ1875፣ በ1936፣ በመጨረሻም በ1991 በወጡት ሕጎች፣ የቤት ባለቤት ወይም ነዋሪ ፍሳሹን ከሕዝብ መስመር ጋር የማገናኘት መብት ተሰጠው። በ1991 ሕግ መሠረት ባለቤቱ ማስታወቂያ ያቀርባል፤ የፍሳሹ ድርጅትም በ21 ቀን ውስጥ እምቢ ሊል የሚችለው፣ የባለቤቱ ቱቦ አሠራር ወይም ይዞታ የማያረካ ሆኖ ሲገኝ ወይም የሕዝቡን መስመር የሚጎዳ ሲሆን ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዝናብና ለቈሻሻ ሁለት መስመር በተዘረጋበት ቦታም፣ የቤት ቈሻሻን በዝናብ መስመር መልቀቅ ክልክል ነው።

ይህ ሕግ ብዙ ሕዝብ ከበሽታ አዳነ። ነገር ግን የሚያስከፍለው ዋጋ ነበረው፤ የከፈለውም ከታች ያለው ሰው ነው። በኢልፎርድ ከተማ በዝናብ ጊዜ ከሕዝብ ፍሳሽ መስመር እየገነፈለ ግቢውን ያጥለቀለቀበት አንድ ሰው የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ከሶ ነበር። በ1954 ፍርድ ቤቱ የወሰነው፣ መስመሩ የተጨናነቀው ሕጉ ማንም ሰው እንዲያገናኝ ስለ ፈቀደ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ መከልከል ስለማይችል ጥፋተኛ አይባልም በማለት ነው። በ2003 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ለንደን ከ1992 ጀምሮ ቤቱ በተደጋጋሚ የተጥለቀለቀበት ሌላ ሰው እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ ካሣ ሳያገኝ ቀረ። መስመሩ በ1930ዎቹ ሲዘረጋ በቂ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተገናኙት ብዙ ቤቶች ግን ከዐቅሙ በላይ ጫኑት። ፍርድ ቤቱ፣ መስመር ማስፋት የብዙ ገንዘብና የቅድሚያ ጉዳይ ስለ ሆነ የሚወስነው ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው አለ።

እንግዲህ አስቡት። ከላይ ያገናኘው ሰው መብቱን ተጠቀመ፤ አላጠፋም። ድርጅቱ መከልከል አይችልም፤ አላጠፋም። ዳኛውም ሕጉን ተከተለ፤ አላጠፋም። ጥፋተኛ የሌለበት ጉዳት ግን በአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ተኝቷል። መከልከል የማይችል ሰው ተጠያቂ ሊሆን አይችልም፤ ተጠያቂ የሌለበት ሥርዐት ደግሞ ሸክሙን ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያወርደዋል፤ ልክ እንደ ውኃው።

ነገሩ በሙሉ ገሐድ የወጣው በ2009 ነው። በዌልስ፣ ላንፎይስት በምትባል መንደር 98 ቤቶችና አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ የተነሡ ሠሪዎች፣ ፍሳሻቸውን በአቅራቢያቸው ባለው ነጥብ ለማገናኘት ጠየቁ። የፍሳሹ ድርጅት፣ በዚያ ነጥብ ያለው መስመር ስለማይበቃ ራቅ ብሎ ያለውን ነጥብ ተጠቀሙ አላቸው። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 2009 ፍርድ ቤቱ፣ መስመሩ አይበቃም የሚለው ምክንያት ለመከልከል አያበቃም፤ ነጥቡንም የሚመርጠው ባለመብቱ ነው ብሎ ለሠሪዎቹ ፈረደ። ነገር ግን ዳኞቹ ችግሩን አልካዱም። 21 ቀን አንድ ድርጅት መስመሩን ለማስፋት የሚበቃ ጊዜ እንዳልሆነ ተናግረዋል፤ ስለዚህ የመስመሩ ዐቅም መመርመር ያለበት ገና የቤት ሥራ ፈቃድ ሲጠየቅ ነው ብለዋል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት «መስመሩ እስኪሰፋ ድረስ ግንባታው አይጀመር» የሚል ግዴታ ሊያስገባ ይችላልና።

ዌልስ ከዚህ ነገር ተምራለች። ከጥር 7 ቀን 2019 ጀምሮ በዌልስ ከአንድ ቤት በላይ የሚሠራ፣ ወይም የግንባታው ስፋት 100 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ የዝናቡን ውኃ በቦታው ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚያሰርገውና እንደሚያዘገየው የሚያሳይ ንድፍ አቅርቦ ግንባታውን ከመጀመሩ በፊት ማጸደቅ አለበት። የዝናቡን ውኃ ከሕዝብ መስመር ጋር የማገናኘት መብቱም ከዚህ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ሆኗል።

ክቡራን አድማጮች፤ እኔ የሌላ አገር ሕግ እንዳለ ይገልበጥ ብዬ አልመክርም። የሕጉ ቃል እንደየአገሩ ይለያያል፤ የውኃ ጠባይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይዘን እንድንለያይ እወዳለሁ። የጋራ መውረጃ ላይ የራስን ውኃ መልቀቅ ከማኅበር መግባት ነው፤ ከማኅበር የገባ ሰው ደግሞ ጥቅሙንም ሸክሙንም፣ ወሰኑንም ይቀበላል። ይህ እንዲሆን የሚያደርገው ዳኛው ሳይሆን፣ አስቀድሞ በጠረጴዛው ላይ ማመልከቻ የሚቀርብለት ሠራተኛ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ቱቦው ተቀብሮ፣ ነዋሪው ገብቶ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ክልከላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ እርስዎ በሥራዎ ላይ ሳሉ የግንባታ ወይም የማገናኘት ማመልከቻ ቢቀርብልዎ፣ ማኅተሙን ከማንሣትዎ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ። ይህ ሰው የሚለቀው ውኃ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ነው? የሚቀበለው መስመር ሲነድፍ ስንት እንዲሸከም ታስቦ ነበር፤ እስከ ዛሬስ ስንት ሰው ተጨምሮበታል? የሚለቀው ዝናብ ነው ወይስ ቈሻሻ፤ መስመሩስ የተሠራው ለየትኛው ነው? በመጨረሻም፣ ከሁሉ በታች ያለው ቤት የማን ነው? ይህ አራተኛው ጥያቄ በማመልከቻው ቅጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይሰጠውም። አመልካቹ ፊትዎ ቆሟል፤ ስሙ ተጽፏል፤ ጉዳዩ እንዲያልቅለት ይቸኵላል። የታችኛው ሰው ግን በቢሮዎ ውስጥ የለም፤ ማመልከቻ መቅረቡንም አያውቅም። ስለዚህ እርሱን ወክሎ የሚቆም ሌላ ሰው የለምና ጠበቃው እርስዎ ነዎት።

ከሥራዎ ወደ ቤትዎ ሲመለሱም እርስዎ ራስዎ የላይኛው ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በግቢዎ ውስጥ ሲሚንቶ ባነጠፉ ቍጥር፣ ቀድሞ መሬቱ ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ወደ ጎረቤትዎ እየላኩት ነው። የመጸዳጃ ቤትዎን ቱቦ በሌሊት ከመንገድ ዳር የዝናብ መውረጃ ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ ቢገኝ፣ ሥራው ርካሽ ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን ልጆች በዚያ ቦይ ዳር ይጫወታሉ፤ ከታች ያለው ሰፈርም በዚያ ወንዝ ልብሱን ያጥባል፤ አትክልቱንም ያጠጣበታል። ያ ቱቦ በምንም መዝገብ ላይ ባይጻፍም፣ ውኃው በሚሄድበት ሁሉ ስምዎን ይዞ ይሄዳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። በቅጠል የሚጠፋበት ጊዜ ማመልከቻው በጠረጴዛ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ወስዶ ማስላት፣ አንድ ጊዜ ወርዶ የታችኛውን ቤት ማየት፣ አንድ መሥመር በካርታ ላይ ማስመር ብዙ ዋጋ አያስከፍልም። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ክረምት ከገባ በኋላ የሚመጣው አቤቱታ ግን፣ ከኢልፎርድና ከለንደን እንዳየነው፣ ተከራክሮም መልስ ላያገኝ ይችላል።